ፈረንሳይቷ የጠራችው ስም

ሒሩት ሻይ ይዛ ወደ አዳራሹ እንደገባች የባሏን ስም ሰማች።

«ንዋዬ!»

ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አማራት ሰፈር ባለው በዚህ ሆቴል ምግብ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት፤ ንዋይን «ንዋዬ» ብሎ የሚጠራው ግን ከእሷ በቀር በጁባ ማንም የለም። የአምናው የሐምሌ ተኩስ መንገዱን ካስፈራ ወዲህ ነጋዴው የሚሄደው በወንዝ ነው። ንዋይም ዱቄትና ሳሙና ጭኖ በጀልባ ወደ ቦር ከተማ ከወረደ ሁለት ወሩ። ስልኩ አይሠራም። ለሚጠይቃት ሁሉ ወንዙ ዳር ኔትወርክ የለም ትላለች፤ ሰዉም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

መድረክ የተባለው በቢራ ሳጥኖች ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነው። ሶሌን የምትባል ፈረንሳዊት ተዋናይ ለማታው ትርዒት ትለማመዳለች። ቴአትሩን የምትጫወተው ብቻዋን ነው መባሉን ጠዋት ስትሰማ ሒሩት፣ ምነው ሌላ ሰው ታጣ ብላ ስቃ ነበር። አሁን ሳቁ የለም። ሴትዮዋ አንዴ በአሮጊት፣ አንዴ በጎርናና የወንድ ድምፅ ትናገራለች፤ መጋረጃው የተዘጋው አዳራሽ ሰው የሞላበት ይመስላል። ከዚያ ወደ አንድ ባዶ ወንበር ዞራ በለሆሳስ ደገመችው። ንዋዬ። ሒሩት በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አላት፤ ወንበሩን ለማየት ፈራች።

መብራት የሚያስተካክለውን ታዲዮስን ጠቀሰችው። የንዋይ ጓደኛ ነው፤ አዲስ አበባ ሳለ ፈረንሳይኛ ስለተማረ የሴትዮዋ አስተርጓሚም እሱ ነው።

«ስሙን ማን ነገራት?»

«ማንም። ስም አይደለም እኮ፣ እትዬ ሒሩት። የፈረንሳይኛ ቃል ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

ታዲዮስ የያዘውን ሽቦ መጠቅለል ጀመረ። ታሪኩ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ነው፣ ረጅም ነው፣ እያለ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። እሷ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ቃሉን ነው የጠየቅኩህ።»

«የሰጠመ» አለ። «ውሃ የወሰደው ሰው።»

መዋሸት ይችል ነበር፤ አልሆነለትም። ጀልባው ተገልብጦ ንዋይ መስጠሙን የአገር ልጆች ካወቁ አሥር ቀን አልፏቸዋል። መርዶ ወግ አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከጎን ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ወንድሟ ወልደጊዮርጊስ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እስኪገባ ጠብቀው፣ እሁድ ንጋት ላይ ሊያረዷት ተማክረዋል። ነገሩን የማታውቅ የሰው አገር ሴት በጠራራ ፀሐይ ቀደመቻቸው።

ሒሩት ዓይኑን ፈለገች። ታዲዮስ ግን ከሽቦው ላይ ቀና አላለም።

«መቼ ልትነግሩኝ ነበር?»

«እሁድ።»

ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። ትሪውን ጣውላው ላይ አኖረች። ሶሌን ልምምዷን አቁማ ታያቸዋለች።

«አንዴ ትድገምልኝ በላት» አለች ሒሩት። «ከእንግዲህ ስሙን ማን ይጠራልኛል?»

ታዲዮስ ተረጎመላት። ሶሌን ግራ እንደተጋባች ወደ ባዶው ወንበር ዞረችና ቀስ ብላ ተጣራች።

ሒሩት እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ወገቧ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታ፣ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችው።

«እሁድን አትጠብቁ በላቸው» አለችው። «ተረድቻለሁ።»