መስታወቱ ውስጥ የታየው ሰው

መስታወቱን ያየሁት ፎቶው በምግብ ቤታችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ልጄ ሃፍሳ ለማስታወቂያ ብላ የኢፍጣሩን ትሪ እኩለ ቀን ላይ አንስታዋለች፤ ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው ሁሉ አምሮበታል። ከትሪው ኋላ ያለው የእጅ መታጠቢያ መስታወት ውስጥ ግን ሹፌሩ ሙእሚን ሲጎርስ ይታያል።

በረመዳን! በጠራራ ፀሐይ!

ጥጉ ላይ መጋረጃ የሰቀልኩት የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ሰው ሳያያቸው እንዲበሉ ነበር። መንገደኛና ሕመምተኛ ቢበላ አይወቀስም፤ ሰው ግን አፍ አለው።

«ሃፍሳ! ነይ እዪልኝ!»

ስትመጣ አስተያየቱ መጉረፍ ጀምሯል። «ሙእሚን፣ ሰመራ ላይ የማፍጠሪያው መግሪብ በቀትር ሆነ እንዴ?» ይላል አንዱ።

ሃፍሳ ፎቶውን አጠፋችው። ወዲያው ሌላ ሰው ያስቀረውን ቅጂ መልሶ ለጠፈው፦ «ለምን ደበቃችሁት?»

«አለቀልን» አልኩ። «ከእንግዲህ ማን ሹፌር እኛ ቤት ይገባል? ስልኩን አምጪው፤ ስኳር እንዳለበት ልንገራቸውና ይፈሩ።»

ኢንሱሊኑ እኛ ፍሪጅ ውስጥ ነው። የሚነዳው መኪና ባለቤት እንኳ መታመሙን አያውቅም።

ሃፍሳ ስልኩን ነጠቀችኝ። «እማ፣ የሰው በሽታ በምግብ ቤት ገጽ ላይ ይጻፋል? መጀመሪያ ለእሱ እንደውል።»

ደወልን፤ አያነሳም። ደግመን ደወልን፤ ዘግቶታል። ሰርዶ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ታየኝ።

ሃፍሳ ጻፈች፦ «ደንበኛችንን ሳናስፈቅድ ፎቶውን አውጥተናል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ያጋራችሁት እባካችሁ አጥፉልን።»

«ሳምቡሳ አለ እንኳ አትይም?»

«ዛሬስ ገበያው ይቅርብን፣ እማ።»

አንዱ ሲሳደብ መልስ ልሰጠው ዳዳኝ። ሃፍሳ በዓይኗ ከለከለችኝ። በኢፍጣር ሰዓት ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር።

ከምሽቱ የተራዊህ ሶላት በኋላ ሙእሚን ገባ።

«እትዬ መዲና፣ ካነሳችሁኝ አይቀር ፈገግ በል አትሉኝም ነበር?»

እሱ ራሱ ግን አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ መርፌዬ የጻፋችሁት አለ?»

«ወላሂ፣ አንዲት ቃል የለም!»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ስድቡን እችለዋለሁ። ባለመኪናው ስኳሬን ከሰማ ግን ቁልፉን ይቀበለኛል። ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?»

«አውፍ በለን፣ ጋሽ ሙእሚን» አለች ሃፍሳ ለይቅርታ አንገቷን ደፍታ።

«የጻፍሽውን አይቻለሁ። ስልኬን የዘጋሁት ዘመዶቼን ሽሽት ነው።»

ወደ ፍሪጁ ሄደ። መድኃኒቱን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው፣ ዳግም አይመጣም ብዬ ደነገጥኩ። ጓዳ ገብቶ መርፌውን ተወጋና ብልቃጡን ወደ ቦታው መለሰው።

«እዚሁ ይደር» ብሎ መኪናው ውስጥ ሊተኛ ወጣ።

ባለመኪናው ነገ ከሌላ ሰው ቢሰማስ? ሻርፔን አውልቄ መስታወቱን ሸፈንኩት። ከዚያ በሩን ቆለፍኩ፤ መቆለፉንም ገፋ አድርጌ አየሁ።