ስድስት ጣት ያላት ባጅ

ፀጉር አስተካካዩ በለቀስተኛው መሀል አልፎ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ሟቹ ቆርቆሮ ሠሪ ዕድሜውን ሙሉ የለቀማቸው የድሮ የሰልፍ ባጆች ተደርድረዋል፤ ደረት ላይ በመርፌ የሚሰኩ፣ ክብ ክብ፣ መፈክራቸው የገረጣ። የሾፌሮች አድማ አለ፣ የተማሪዎች አለ፣ የሴቶች ጥያቄ አለ። መሀሉ ላይ ግን አንዲት ባዶ ቦታ አለች።

«ይህችን ቦታ ባዶ ያስቀረኋት እኔ ነኝ» አለ ድምፁ እየተሰበረ።

ጥግ የተቀመጡት ሴቶች ተንሾካሾኩ።

«ደግሞ ይሄ ምን ሊል ነው?»

«ዝም በይ፣ ወዳጁ ነው።»

«ወዳጁ? ሲጨቃጨቁ አይደል የኖሩት!»

«ና ወንድሜ፣ ጎኔ ተቀመጥ» አለችው መበለቲቱ።

ተቀመጠና በመሐረብ የጠቀለላትን ባጅ አወጣ። የተዘረጋ መዳፍ፣ ከሥሩ «በቃ!» የሚል። ጣቶቹ ስድስት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ በወጣትነቱ የዳቦ መወደድን ለመቃወም ለተጠራ ሰልፍ ባጅ ሥራ ቢባል፣ በጥድፊያ ቅርጹን ሲያወጣ አንድ ጣት አስበለጠ። ልብ ሳይል ሳጥን ሙሉ አትሞ አረፈው። አስተባባሪዎቹ «አዋረድከን!» ብለው ሊጥሉት ሲሉ፣ አንዲት የክር ፋብሪካ ልጅ ከሳጥኑ ዘገነችና፣ «ምን አለበት? በአምስቱ አልሰማ ስላላችሁ ስድስተኛው ተጨመረ በሏቸው!» ብላ ደረቷ ላይ ሰካች። ሳቅ ሆነ፤ ሁሉም ሰካ። ሰልፉ ሲበተን ባጁ ከየደረቱ እየተነቀለ ተጥሎ ጠፋ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን የራሱን ደብቆ አቆየ። ዛሬ ባጅ ሰብሳቢዎች በፋኖስ ቢፈልጓት አያገኟትም።

ያቺ ልጅ ይህችው መበለት ናት።

«በየሰኞው እየመጣ ‹ስጠኝ› ይለኝ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «‹ሞቼ ነው የምትወስዳት!› እለው ነበር። ይኸው ሞቶ አመጣሁለት። የሠራት እሱ፣ የነፈግኩት እኔ!»

መበለቲቱ አንድ ሰኞ ባሏን «ምነው ሰውየውን ብትተወው!» ብላው ነበር። እሱም ጫማውን እያሰረ፣ «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ድስት አይጥድም። አዝኜለት እንደምሄድ ካወቀ በሩን ይዘጋብኛል። እየከለከለኝ ግን ሻይ ያፈላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ እየተሳደበ ይበላል። አደራ፣ እንዳትነግሪው» አላት።

የባል አደራ ከባድ ነው። ግን ሰውየው ይህን ሁሉ ጸጸት ተሸክሞ ወደዚያ ባዶ ቤት ሊመለስ ነው።

የጥቁር ሹራቧን ኮሌታ ገለበጠችው። ከውስጥ በኩል፣ ዝገት የነካት ባለስድስት ጣት ባጅ ተሰክታለች።

«እዚሁ ቤት ነበረች» አለችው። «ሰሌዳው ላይ እንስካት ስለው እምቢ አለ። አንተ ዘንድ ይመጣ የነበረው ባጅ ፈልጎ አይደለም። ሻይህንና ስድብህን ፈልጎ ነው።»

የኮሌታዋን ባጅ በእጁ ካለችው ጋር አስተያየ።

«ይሄ... ይሄ ሌባ!» አለ በመጨረሻ፣ እያለቀሰ እየሳቀ። «ስንት ስኳር አስጨረሰኝ!»

ባጇን ሰሌዳው ላይ ሊሰካ ሲነሳ እጁን ያዘችው።

«ተዋት፣ ቦታዋ ባዶ ትሁን። ሰኞ እኔ መጥቼ እለምንሃለሁ።»

ባጇን ተቀብላ ኮቱ ኮሌታ ላይ ልትሰካለት ተጠጋች። የመርፌው ጫፍ አገጩ ሥር ደረሰ። ዕድሜ ልኩን ለደንበኞቹ «አገጭ ቀና!» ሲል የኖረው ሰው፣ እንባው አንገቱ ድረስ እየወረደ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ሳይነቃነቅ ጠበቃት።