የዘለልነው የወንዝ መንገድ

በአምስተኛው ቀን የአክስቴ ቀኝ ጉልበት እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

ወደ ተራራው ደጅ የሚወስደው የተሳላሚዎች የእግር መንገድ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። አክስቴ የተሳለችው እኔ ውጭ አገር ሳለሁ ነው፤ «ልጄን በሰላም ካመጣህልኝ አንዲት እርምጃ ሳላጎድል በእግሬ መጥቼ እሳለማለሁ» ብላ። የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ያሳደገችኝ ግን እሷ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መጣሁላት፣ ስለቷም ደረሰ። አብሬሽ ካልሄድኩ ያልኩት እኔ ነኝ። በስለት አላምንም፤ በጉልበቷም አላምንም ነበር።

መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ገጠሙን፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌርና አንዲት ነርስ። ሹፌሩ በመጀመሪያው ቀን ሕግ አወጡ።

«ዝግ የሚለው ከፊት ይሁን። ጭነት የከበደው መኪና ሲመራ ነው ተርታው የማይበጣጠሰው።»

ስለዚህ አክስቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ቀስ ብሎ መሄድ አልለመድኩም፤ እግሬን ያሳክከኛል።

«ምነው ዶክተር፣ ሽንት ቤት ፈለግሽ?» ይሉኛል ሹፌሩ።

«ዶክተር አይደለሁም ጋሼ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ውጭ አገር ተቀምጠሽ? ታዲያ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው።»

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የሹፌሩ ተረከዝ ውሃ ቋጠረ። ነርሷ ልታሽግላቸው አብራቸው ቀረች፤ እኛ ቀድመን እንድንሄድና የምናድርበት ማረፊያ ቤት እንድንገናኝ ተስማማን። መንገዱን የሚያመለክቱት ነጭ የተቀቡ ድንጋዮች ናቸው። አክስቴ ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ግን ዓይኗ ከእግሯ አይነሳም፤ ስለዚህ የዚያን ቀን እኔ መራሁ።

ከመንታ መንገዱ ስንደርስ ስልኬን አየሁ። ነጩ ድንጋይ ወደ ቀኝ ይላል፤ ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ኮረብታውን ዞሮ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር። በግራ በኩል በጫካው የሚያቋርጠው ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱም ማረፊያ ቤቱ በር ላይ ይገናኛሉ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ስትሰበስብ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ተከተለችኝ።

«ጥላ አለው፤ ደስ ይላል» አለች።

ማረፊያ ቤቱ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ አሥራ ሁለት የብረት አልጋ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ከበሩ ጀርባ በጭቃ የደረቀ የጫማ ሰልፍ። ከቀትር በፊት ደርሰን አክስቴ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሹፌሩና ነርሷ የመጡት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

«ክንፍ አወጣችሁ እንዴ?» አሉ ሹፌሩ፣ ከበሩ ሳይገቡ። «እንደርስባችኋለን ብለን ወንዙ ዳር እንኳ አላረፍንም። ደግሞ ያንን ድልድይ በዚህ ጉልበት እንዴት ተሻገሩት? እኔ ሲወዛወዝ ነፍሴ ተንጠልጥላ ነበር።»

«የምን ድልድይ?» አለች አክስቴ።

ሦስቱም እኔን አዩኝ።

«በጫካው ያመጣሁሽ እኔ ነኝ» አልኩ። «ለጉልበትሽ ብዬ ነው እትዬ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋች ሴት ናት፤ የጠየቀችኝም እንደ ልብስ ሰፊ ነው።

«ከየት እስከ የት ነው የተዘለለው?»

«ከመንታው መንገድ እስከዚህ በር።»

«እንግዲያው ተተርትሮ ይሰፋል። ነገ በመጣንበት ተመልሰን ከመንታው እንጀምራለን።»

ይህን ጠባይዋን አውቀዋለሁ። ሌላው ልብስ ሰፊ የዘለለ ስፌት ሲያይ በላዩ ይደርብበታል። እሷ ግን አንድ ጊዜ ማንም ለማያየው የውስጥ ስፌት የሃያ ልጆች ዩኒፎርም ተርትራ እንደገና ስትሰፋ አይቻለሁ።

«ማን አየብዎት?» አሉ ሹፌሩ። «ተራራው ደጅ ላይ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የለም።»

«እኔ አየሁት።»

«እኔ ልሂድልሽ» አልኩ።

«መድኃኒቴንም አንቺው ዋጪልኛ!»

ነርሷ የአክስቴን ጉልበት ዳሰሰች። «ነገ ስምንት ኪሎ ሜትር ከሄዱበት ተራራው ላይ ላይወጡ ይችላሉ። እውነቴን ነው።»

አክስቴ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበች። «ጎዶሎ ይዤ ከምደርስ ሳላጎድል መንገድ ላይ ብቀር ይሻለኛል።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁለታችን ብቻ ወጣን። በጫካው ተመለስን፤ ከነጩ ድንጋይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ቁልቁለቱን በጎኗ ወረደችው፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። ወንዙ ዳር ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች።

«ለጉልበቴ ነው ወይስ ለበረራሽ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ለመቅረት ነው የመጣሁት ብያት ነበር። የመመለሻ ትኬቱ ግን ተራራው ላይ እንደርሳለን ላልነው ቀን ማግስት የተቆረጠ ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«የጃኬትሽን ገበር ስጠግን ወረቀቱን ኪስሽ ውስጥ አገኘሁት።»

«ለሁለቱም ነው» አልኳት። የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቅም።

ውሃውን በእግሯ አማሰለችው። «እኔ የተሳልኩት እንድትመጪ ነው፤ እንድትቀሪ አይደለም። መጥተሻል። ከእንግዲህ ያለው የኔና የእግሬ ጉዳይ ነው። ብትሄጂ አልቀየምሽም። ብቻ በጫካ አትውሰጂኝ።»

ድልድዩ ሳንቃና ሽቦ ነው። እጄን ብዘረጋላት «ዞር በይ፣ ታወዛውዢዋለሽ» ብላ ብቻዋን ተሻገረች። ዳገቱ ላይ በየአሥር እርምጃው ቆመች፤ እኔም ቆምኩ። እግሬን ማሳከኩ መቼ እንደተወኝ ልብ አላልኩም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማረፊያ ቤቱን መቃን በመዳፏ ነካች።

«ይኸው፤ ተሰፋ።»

ነርሷ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥማላት ጉልበቷን ትራስ ላይ አሳረፈችው። «ሁለት ቀን ከአልጋ እንዳይነሱ። እብጠቱ ከቀነሰ ቀስ ብለን እንወጣለን።»

ሁለት ቀን ማለት በረራው ያለ እኔ ይሄዳል ማለት ነው።

«ሦስት ቢሆንስ?» አልኳት።

«ሦስት ቢሆንማ እሰየው።»

«የኔም ተረከዝ ሦስት ቀን ነው የሚለው» አሉ ሹፌሩ ተኝተው።

የማረፊያ ቤቱን ጠባቂ «ሦስት ሌሊት፣ ለሁለት ሰው» አልኳት። አዳራሹ ከነገ ጀምሮ በተሳላሚ ስለሚሞላ ያላት ጓሮ ያለችው ጠባብ ክፍል ብቻ መሆኗን፣ አልጋውም አንድ መሆኑን ነገረችኝ።

«ይበቃናል» አልኩ።

«ለሷማ ይበቃታል!» አለች አክስቴ ከአዳራሹ ጥግ። «ግድግዳ ላይ የምለጠፈው እኔ ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትተኛ ትራገጣለች!»