የመቀናጆ ኮምፒውተር

...ይበቃል፣ አራት ጊጋ ለአንድ ሰው ምን ያንሰዋል፣ ለአንድ ሰው፣ ይቺ ቃል ናት የምትከረክረው፣ መሳፍንት የእስከዳር ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ቆሞ አዲሷን ግራፊክስ ካርድ ከነካርቶኗ ይዟል፣ ትንሽ፣ ቀለል ያለች፣ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ እንኳ የማትጠይቅ፣ ሰክተህ የምትጫወትባት፣ ማንንም የማታስለምን። ዋጋዋ ያማል። ግን ትከፈላለች፣ ከመምህርነት ደመወዙ እየተቆነጠረች ገንዘቧ የተጠራቀመችው ለዚህ አይደል፣ ከፍሎ ወጥቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ከአብሮ አደጉ ከአንሙት ጋር ያለው ነገር ያኔ ያልቃል፣ አንሙትም አብረው ወደተከራዩት ቤት የሚመለስበት ምክንያት አይኖረውም፣ አይኑረው፣ ራሱ አይደል የሄደው።

አባቶቻቸው በአማኑኤል ከተማ ዙሪያ ገጠር ውስጥ አንድ አንድ በሬ ነበራቸው፣ አንድ በሬ ደግሞ አያርስም፣ አቀናጁና ዛሬ የዚህን ማሳ ነገ የዚያን እያረሱ ልጅ አሳደጉ፣ ልጆቹም ደብረ ማርቆስ ሥራ ይዘው አንድ ክፍል ሲከራዩ ሌላ ዘዴ አላወቁም፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩ የመሳፍንት፣ ካርዷ የአንሙት፣ የመቀናጆ ኮምፒውተር፣ የሰማ ሁሉ ሳቀ፣ ይሳቅ። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም ይቺ ግን ትጠመዳለች ይል ነበር አንሙት፣ ለጊዮርጊስ፣ ለሚካኤል፣ ለማርያም፣ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ እነሱ ወንበር ስበው ተራ ይይዛሉ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ተኩስ ያለበት ጨዋታ ይዘጋል፣ ኳስ ብቻ፣ ኳስ ጾም አይፈታም፣ ማን ፈረደ ቢባል አንሙት ፈረደ፣ ድቁናውን በልጅነቱ የተወ ሰው ፍርድ ሲሰጥ የሚያክለው የለም።

ከዚያ አንድ ቀን መሳፍንት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጎኑ ተከፍቶ ካርዷ የለችም። ሸጥኳት፣ አለ አንሙት አልጋው ላይ እንደተቀመጠ፣ ለእማዬ ዓይን፣ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች ይጠፋል አሏት። እትዬ ማንጠግቦሽ። እሷ ያጎረሰችውን ማን ቆጥሮ፣ ለእሷ ዓይንማ ካርድ ምንድን ነው፣ ጨርቁንም ይሽጥ፣ ግን አይነግረኝም ነበር ወይ፣ በእርሻ ሰዓት በሬውን የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ለመቀናጆው ይነግራል፣ ይሄን እረኛ ያውቀዋል፣ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተን እኮ ነው። አንሙት ፍራሹን ጠቅልሎ አክስቱ ቤት ገባ። ብትነግረኝ ኖሮ ፕሮሰሰሬን እጨምርልህ ነበር አንተ ደንቆሮ፣ ማታ ማታ መሳፍንት ለግድግዳው የሚናገረው ይሄን ነው።

ያገለገለ ካርድ የለሽም እንዴ፣ ይላታል ባለሱቋን እስከዳርን፣ ዝም ብሎ ለወጉ።

አለ እንጂ መምህር፣ አንዲት ባለ ስምንት ጊጋ አለች፣ ብቻ ትልቅ ናት፣ ፓወር ሰፕላይዎ ካልቻላት አልሰጥዎትም።

ይችላል፣ የእሱ ይችላል፣ ያንን ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ ዋት የቆጠረው ለትልቅ ካርድ ብሎ ነው፣ ወፍራሙ ገመድ ይኸው እስከ ዛሬ ባዶውን ተንጠልጥሏል። እስከዳር ከመደርደሪያው ታወርዳለች፣ አቧራዋን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ጥቁር፣ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ እና የቀኙ ማራገቢያ ሁለት ክንፎቹ ጫፋቸው የለም፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ። አንዱ ሲያጸዷት ተሰብሮ ነው። ሌላውን አንሙት በጥፍር መቁረጫ ቆረጠው፣ አንተ ምን ነካህ ደህናውን፣ ቆይ ዝም በል፣ አንዱ ወገን ብቻ ከጎደለ ትንቀጠቀጣለች፣ እኩል ከጎደሉ ትዞራለች፣ እውነትም ዞረች። እሷ ናት። ማርያምን እሷ ናት።

እስከዳር ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኝታ ታስነሳታለች፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ማራገቢያው ያን የሚያውቀውን ድምፅ ያሰማል፣ የአዲሷ ግማሽ ዋጋ፣ የአዲሷ እጥፍ ሜሞሪ፣ ሙቀቷም ደህና፣ ማን ያመነታል፣ ግዛታ፣ ግዛትና ሁለቱም በሬ ያንተ ይሁን፣ እሱ በገዛ እጁ ያወጣትን አንተ ከገበያ አገኘሃት፣ ምን ጥፋት አለው፣ ምንም፣ አንሙት ሲሰማ ግን፣ ይስማ፣ የታባቱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ይሄንን ነው፣ ካርዷን ሲያይ ደስ ብሎታል፣ ደስ ስላለውም ይናደዳል።

ከማን ገዛሻት።

አንድ ልጅ ነው መምህር፣ ቀይ፣ ረጅም። ሙሉውን ኮምፒውተር ተሸክሞ ነበር የመጣው፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ፈታው። ለእናቱ ሕክምና ነው አለኝ፣ እኔም አዘንኩለትና ለብቻዋ ምን ታወጣልሃለች፣ ሁሉንም ተውልኝና የሚበቃህን ልስጥህ አልኩት። እጁን እላዩ ላይ ጭኖ ቆመ፣ ብዙ ቆመ። ከዚያ የቀረው የኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው፣ ብነግረው ይሰጠኛል፣ ስለዚህ አልነግረውም ብሎ ካርዷን ብቻ ተወልኝ።

ብነግረው ይሰጠኛል። ስለዚህ አልነግረውም።

መሳፍንት አዲሷን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ያን ሁሉ ሰሞን ንቆኝ ነው፣ ባዕድ አድርጎኝ ነው ሲል፣ ሰውዬው ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ በዳገቱ እዚህ ድረስ መጥቶ የሌላውን ሰው ድርሻ ተሸክሞ ተመልሷል፣ ብሩም አልበቃውም ይሆናል፣ የጎደለውን ከየት አመጣው፣ አልጠየቅኩትም፣ ለምን አልነገርከኝም እያልኩ ስጮህ ዓይኗስ ዳነ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፣ አንተ ደንቆሮ ያልኩት ማንን ነው። ያማል፣ ደስም ይላል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ትልቋን ስጪኝ፣ ይላል፣ ይከፍላል።

የሳምንት ዋስትና አላት መምህር፣ ችግር ካለ ይመልሷታል፣ በእርስዎ ስም ልያዘው?

በአንሙት ያዢው፣ ካርዷ የአንሙት ናት።

ለአንሙት ይደውላል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሳም፣ ቢያነሳስ ምን ይለዋል፣ ሃሎ፣ ይላል አንሙት፣ ድምፁ የተጠነቀቀ፣ አለቃውን እንደሚያናግር ሰው። የእትዬ ማንጠግቦሽ ዓይን እንዴት ሆነ። አንደኛው ደህና ነው፣ ያያል፣ ስላንተ ጠይቃኝ ዋሸሁ። እሺ፣ አንሙት ስማ፣ ካርድህ እዚህ እስከዳር ጋ ናት፣ ና ውሰዳት። የቱ ካርድ። ክንፏ የተቆረጠችው። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የአንሙት ትንፋሽ።

ወዴት ልውሰዳት?

ወደ ቤታችን ነዋ።