ከእግሯ ሥር የወደቀችው

ምስጢር በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ «ላክ» የሚለውን ልትጫን ስትል ከኋላዋ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ሰማች። ዞር ብትል አያ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ለደብራቸው ንግሥ ባነር ሊያሳትሙ የመጡት ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ።

ይህቺ ልጅ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ አንድ ሥዕል ላይ ተቀምጣለች። አንድ የባሕር ማዶ ሙዚየም፣ ከጎንደር የሄዱ የጥንት ሥዕሎቹን ፎቶ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀና «ውሰዱ፣ እንደ ልባችሁ አድርጋችሁ ሥሩባቸው» አለ። በውድድር የተመረጠው ሥራ ከዋናው ሥዕል ጎን ይሰቀላል። የአዘዞዋ ባነር አታሚ ሥራ እዚያ ሲሰቀል፣ ወይ ጉድ! ጊዜው ታዲያ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የቀራት ግማሽ ሰዓት ነው።

ምስጢር ከመረጠችው ሥዕል ላይ ያለችውን እመቤታችንን የጎንደር ጥልፍ ቀሚስ አልብሳታለች፤ ከኋላዋ የፋሲልን ግንብ አቁማለች። ሽማግሌው ይቆጡኛል ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን ቀለሙን አመስግነው፣ ጥልፉንም ሸጋ ነው ብለው፣ ጎንበስ አሉና የሥዕሉን ግርጌ ይፈልጉ ጀመር።

«ሴትዮዋን ወዴት አደረግሻት?»

«የቷን ሴትዮ?»

«ከፍላ ሥዕሉን ያሣለችውን ነዋ። ከእመቤታችን እግር ሥር የምትወድቀውን።»

ቆርጣታለች። ውድድሩ የሚቀበለው ቁመቱና ወርዱ እኩል የሆነ ምስል ብቻ ነው፤ ከታች ያለችው ትንሽ ሰው አልገባ ስትላት፣ ይህቺ ደግሞ ምን ትሠራለች ብላ ጣለቻት። እያፈረች ዋናውን ሥዕል ከፍታ አጎላችው።

አውራ ጣት የማታህል ሴት፣ በግንባሯ እንደተደፋች ስክሪኑን ሞላችው። የነጠላዋ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከብሩሹ ተነቅሎ ቀለሙ ውስጥ የቀረ አንድ ፀጉር እንኳ ይታያል። አያ ገብረ ኪዳን ቆባቸውን አወለቁና ከሴትዮዋ አጠገብ ያለውን ግእዝ ቀስ ብለው አነበቡ፤ «ተማኅፀነት በማርያም ወለተሩፋኤል።»

ምን ማለት ነው ብትላቸው፣ ወለተሩፋኤል በማርያም ተማጠነች ማለት ነው አሏት።

«ስንት ዘመኗ» አሉ። «ባሕር ተሻግራ እንኳ ልመናዋን አላቋረጠችም። አንቺ ነሽ ያቋረጥሽባት፣ ልጄ።»

ምስጢር ሴትዮዋን ከዋናው ሥዕል አምጥታ ቦታዋ መለሰቻት። ግን ሁለቱን ባንድ ላይ ለማስገባት ሥዕሉን ስታሳንሰው ወለተሩፋኤል ነጥብ አከለች። መላ የለውም። ሦስት ሳምንት የለፋችበትን ጥልፍ ደግማ አየችው።

ሰባት ደቂቃ ሲቀራት ሥዕሉን ወደ ቀድሞ ልኩ መለሰችና ምስሉን የሚቆርጠውን ሳጥን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው። ግንቡ ከሳጥኑ ወጣ፤ የደረቱ ጥልፍ ወጣ፤ የእመቤታችንም ፊት ከላይ ወጣ።

«አሁን ደግሞ እመቤታችንን ቆረጥኳት» አለች እየፈራች።

«እሷማ ከየትም ሆና ሴትዮዋን ታያታለች።»

ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት አንድ የቀሚስ ጠርዝና ወለተሩፋኤል ነበሩ። ምስጢር ላከችው።