ከዶክተሯ የደበቅነው

ሀምዳ ጎረቤቴ ናት። አዋሽ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ሃያ ዓመት ኖረናል። ሽርጥና ሻሽ ትሸጣለች፤ ጠርዙንም አጥፋ የምትሰፋው ራሷ ናት። እኔ ባይሽ እባላለሁ፤ ሥራዬ ምክር መስጠት ነው። ከስምንተኛ ክፍል ባላልፍም ምክር አልቆብኝ አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት በግራ ዓይኗ የታችኛው ቆብ ላይ ምስር የምታህል እብጠት ወጣች። አታም፣ አታሳክክ። «ብጉንጅ ናት» አልኳት። ክሊኒክ ሄዳ አስቆረጠቻት። በዓመቷ እዚያው ቦታ ተመለሰች። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ቆረጠላት። የተቆረጠውን ሁለቱም ጣሉት እንጂ ይመርመር ያለ አልነበረም። ዘንድሮ ሦስተኛዋ ስትመጣ የዚያ በኩል ሽፋሽፍቷ ይረግፍ ጀመር።

«ይቺ ደግሞ ተከራይ ሆነችብሽ። ታስወጫታለሽ፣ ትመለሳለች» አልኳት።

«አንቺንስ መች ማስወጣት ቻልኩ፣ ባይሽ?»

ልጇ ዊዳድ ሰመራ ነው የምትሠራው። እዚያ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለች ብላ ስትደውል በጣሃ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጣሃ አፋር ነው፣ የልጆች አባት፤ ሽርጡን ከሀምዳ ሌላ ከማንም አይገዛም። አፋር ከሰው ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውንም የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስረክባል። ገዋኔ ላይ ለሻይ ስንወርድ ሀምዳን ጠየቃት። እሷም የሁለቱን ቆረጣ ወሩን ሳይቀር ነገረችው።

ሰመራ ስንደርስ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ።

«ለዚህችኛዋ የበፊቶቹን እንዳትነግሪያት። ሌላ ጋ ሄጄ ነበር ስትያት ይከፋታል፤ ከልቧ አታይሽም።»

«ልዋሽ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

ዶክተር አምለሰት በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ናት። ቆቡን ገለበጥ አድርጋ አየችው።

«መቼ ጀመረዎት እናቴ?»

«ቅርብ ነው» አለች ሀምዳ፣ እኔን እያየች።

«ከዚህ በፊት ተቆርጦ ያውቃል?»

«ኧረ የለም» አልኩ። የተጠየቅኩት እኔ ይመስል።

ዶክተሯ የሚቀባ መድኃኒት ልትጽፍ ወረቀት ሳበች። ጣሃ ሀምዳን ደግፎ አስገብቷት በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዶክተር፣ ወሬው ጎድሏል» አለ።

«ጣሃ፣ አንተ መኪናህን ጠብቅ» አልኩት።

«ገዋኔ ላይ የተቀበልኩት ሌላ ነው። የተቀበልኩትን አጉድዬ ብሄድ ነገ የሚያምነኝ የለም።» ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ሁለቴ መቆረጧን፣ ሁለቴ እዚያው ቦታ መመለሷን።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። እንደገና በማጉያ አየችና በዚያው ቀን ከእብጠቷ ትንሽ ቆርሳ ለምርመራ ላከች። ውጤቱን ለመስማት በሦስተኛው ሳምንት ተመለስን።

«ካንሰር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከላብ አመንጪ እጢ የሚነሳ፣ ዓይን ቆብ ላይ ብዙ የማይታይ ዓይነት። የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ምልክትም አላየሁም። ግን በቆዳው ውስጥ በዓይን ከሚታየው አልፎ ይሰራጫል፤ የተመለሰውም ለዚህ ነው። ቅባት ይዛችሁ ሄዳችሁ ብትቆዩ ኖሮ ዓይኑን ራሱን ልናጣው እንችል ነበር።»

እኔ ምክር አለቀብኝ።

ዶክተሯ አዲስ አበባ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና አስረዳች። ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ዳር ዳሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ካልጠራ ይጨመራል። ሲጠራ የጎደለው ቦታ በሌላ ቆዳ ይሞላል። ሀምዳ የሻሿን ጫፍ በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«ጠርዙ የተተረተረ ጨርቅ ከላይ ቢጠቅሙት አይረባም። ጤነኛው ክር እስኪገኝ ነው የሚቆረጠው። እንዲህ ነው የምትይኝ?»

«ልክ እንዲህ ነው።»

«በይ ጻፊልኝ። አላህ ያግዘናል።»

አዲስ አበባ አብሬያት ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን በአፍንጫዋ በኩል ያለው ዳር አልጠራም ተባለ። ያን ዕለት አልቅሼ እሷ ናት «አብሽሪ» እያለች ያባበለችኝ። ጨመሩና ቆረጡ፤ ሁለተኛው ጠራ። ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳ ወስደው ቆቡን ሠሩላት። በየስድስት ወሩ እየታየች ለዓመታት ትከታተላለች፤ የመጀመሪያውን የክትትል ምርመራ በደህና አልፋለች።

ባለፈው ሳምንት ጣሃ ሽርጥ ሊገዛ መጣና ሱቋ በር ላይ ቁጭ ብሎ ወሬዋን ተቀበለ። እሷ እየተረከች በመርፌ ክር ታሾልካለች፤ ክሩ በሁለተኛው ሙከራ ገባላት። ያ ቆብ ሽፋሽፍት የለውም፣ ትንሽም ነጣ ብሏል፤ ዓይኗ ግን ያያል።

«ባይሽ፣ የጎደለ አለ?» አለችኝ ስትጨርስ።

«አለ» አልኩ። «ለዶክተሯ እንዳትነግሪ ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን አውቄዋለሁ» አለ ጣሃ። «ከአንቺ እስኪመጣ ነው የጠበቅኩት።»

ሀምዳ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ይቺ ቆዳ ከጆሮዬ ጀርባ ሆና ሃያ ዓመት ምክርሽን ስትሰማ ኖራለች» አለች። «አሁን ደግሞ ፊት ለፊት ትይሽ።»