ውርጭ የመታው ገብስ

«ጋሼ ይሻው፣ በዚህ ሰዓት ይህን ማንሣት ነውር ነው» አለ ዮናስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በለቀስተኛው መሀል ጎንበስ ብሎ አልፎ አጠገባቸው ተቀምጧል። ከሟች ልጃቸው ከጌጤ ጋር አብሮ ይመራመር የነበረ ሰው ነው። «ግን ሌሊት ውርጭ ወርዷል። ፀሐይ ሳይነካው ቅጠሉ ካልተወሰደ ልፋቷ ሁሉ ይቀራል። የገብሱን ዓይነት የሚለዩትን ችካሎች ደግሞ የለቀስተኛው በቅሎ ነቃቅሏቸዋል። የቱ ገብስ የት እንዳለ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ የለም።»

ጋሼ ይሻው ቀና አላሉም። የጌጤ ሠልስት ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እሳቸው ስትመጣ የተሳፈረችባት መኪና ገሳይ ሳትደርስ ተገለበጠች።

አምና ኅዳር ላይ መጥታ ውርጭ የመታውን ቅጠል ስትለቅም ጎረቤቱ ስቆ ነበር። «የሰው ልጅ ዶክተር ሆና ሰው ታክማለች፤ ያንተዋ የሞተ ገብስ ታክማለች!» አሏቸው። ማታ ጠየቋት።

«አባዬ፣ ገብሱ ውስጥ ብዙ ትእዛዝ አለ» አለች። «እደግ፣ አብብ፣ አፍራ የሚል። ብርድ ሲመጣ ሁሉም እኩል ከሠራ ገብሱ ይሞታል። ትንንሽ አር ኤን ኤ የሚባሉ አሉ፤ እነሱ አንዳንዱን ትእዛዝ ዝም ያሰኙታል። ውርጭ የሚችለው የጉና ገብስ የቱን ዝም እንደሚያሰኝ ነው የምፈልገው።»

«ካወቅሽውስ?»

«ውርጭ በመጣ ቁጥር ለእህል መሸመቻ በግ መሸጥ ይቀርልሃላ!»

ጋሼ ይሻው ተነሡ። ከድንኳኑ ለመውጣት ተራመዱ።

«በልጅህ ለቅሶ ወደ እርሻ? ሰው ምን ይላል?» አሉ ታላቅ እህታቸው ፈንታነሽ።

«ይህም የእሷው ለቅሶ ነው፣ እታለም» አሉና ወጡ።

ማሳው ነጭ ለብሷል። እሳቸው እያሳዩ፣ ዮናስ እየቆረጠ፣ ቅጠሉን እሱ ባመጣው ቀዝቃዛ እንፋሎት በሚያወጣ ማቀዝቀዣ ዕቃ ውስጥ ጨመሩ።

«ይህ ከይፋግ ያመጣችው ነው። ያ የእኛው» አሉ ጋሼ ይሻው። መጨረሻው ትልም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይህን ራሷ ናት የዘራችው። እየው፣ ጠማማ ነው። እርሻ የት ታውቅና!»

ሊስቁ ነበር፤ እንባቸው ቀደመ። መርዶውን ከሰሙ ወዲህ አላለቀሱም ነበር። ዮናስ ዞር ብሎ ጠበቃቸው።

«በቃ?» አሉ እንባቸውን ጠርገው።

«በቃ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ የቀረው አያስፈልገንም።»

«ውርጩ ቢጨርሰውም?»

«ቢጨርሰውም።»

ጋሼ ይሻው ጋቢያቸውን አወለቁ። ጠማማው ትልም ላይ ዘረጉና ተንበርክከው ዳር ዳሩን ከገብሱ ሥር ሸጎጡት።